«ባሮን» የሚለው ማዕረግ አመጣጥና ትርጕም

የብሪታንያ መኳንንት ማዕረግ ከላይ ወደ ታች ሲቈጠር ዱክ፣ ማርኩስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት፣ ባሮን ይባላል። ባሮን የሁሉም ታናሽ ነው፤ ሆኖም ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚቀርበን እርሱ ነው። ታሪኩ ለመሬት ባለይዞታ ይሰጥ የነበረ ስም እንዴት ለሥራ የሚሰጥ ክብር እንደ ሆነ ያስረዳልና።

ቃሉ የመነጨው ከኋለኛው ዘመን ላቲን ሲሆን ጥንተ ትርጕሙ «ሰው» ማለት ነበር። በ1066 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ይዘውት ገቡ። ያን ጊዜ ባሮን ማለት የንጉሥ ሰው፣ ይኸውም መሬቱን በቀጥታ ከንጉሡ ተቀብሎ በምትኩ በጦርነት ጊዜ ፈረሰኞችን የሚያሰልፍ ባለይዞታ ነበር። በ1215 የወጣው ማግና ካርታ ታላላቆቹ ባሮኖች ለምክር ሲፈለጉ በየስማቸው በንጉሥ ደብዳቤ፣ ታናናሾቹ ግን በየአገሩ ሹም አማካይነት በጅምላ እንዲጠሩ ደነገገ። በየስም የመጠራቱ ልማድ እያደገ ሄዶ ለጌቶች ምክር ቤት መሠረት ሆነ። በ1387 ዳግማዊ ሪቻርድ ጆን ቢቻምን በሹመት ደብዳቤ የኪደርሚንስተር ባሮን ሲያደርገው፣ ማዕረጉ በይዞታ ሳይሆን በንጉሥ ፈቃድ ብቻ የሚገኝበት መንገድ ተከፈተ።

ከዚያ 500 ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ በውሃ ግፊት የሚሠራውን የጭነት ማንሻ ክሬን ያበጀው ዊልያም አርምስትሮንግ ባሮን ተብሎ ከመሐንዲሶች መካከል በጌቶች ምክር ቤት የመጀመሪያው ሆነ። በ1892 ደግሞ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር ዊልያም ቶምሰን ይኸው ማዕረግ ተሰጠው። የማዕረግ ስሙንም በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከሚያልፈው ከኬልቪን ወንዝ ወሰደ። ሁለቱም ልጅ ስላልነበራቸው፣ አርምስትሮንግ በ1900፣ ኬልቪንም በ1907 ሲሞቱ ማዕረጋቸው አብሮ ተቋረጠ።

ሕጉም ውሎ አድሮ ወደዚሁ አዘነበለ። በ1958 የወጣው ሕግ ለልጅ የማይተላለፍ፣ የአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ የሆነ የባሮንነት ማዕረግ በስፋት እንዲሰጥ ፈቀደ። የ1999ኙ ሕግ ደግሞ አብዛኞቹን በውርስ የተቀመጡትን ጌቶች ከምክር ቤቱ አስወጣ።

ቶምሰን በ1848 ያቀረበው ፍጹም የሙቀት መለኪያ ግን ወራሽ አላስፈለገውም። ዛሬ የሙቀትን መጠን በኬልቪን የሚያሰላ መሐንዲስ ሁሉ፣ ቤተሰብ ያላስቀጠለውን የባሮን ስም በሥራው ያስቀጥለዋል። ሙያችን ክብሩን ከሹመት ደብዳቤ ይልቅ ለሌሎች በሚተርፍ ሥራ ሊለካ እንደሚገባው ይህ ታሪክ በቂ ምስክር ነው።