«ዶዙ በዝቷል» ያሉት ሐኪም

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ለመድኃኒት ኩባንያ ሜዲካል ሪፕ ሆኖ ይሠራል። «ቲቸር፣ አንድ ሐኪም ‹የምታዙን ዶዝ በዝቷል› እያሉ ይናገራሉ። አለቃዬ ደግሞ ለስብሰባው እንዳትጠራቸው አለኝ። ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ የማውቀውን ታሪክ ነገርኩት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

ጎሼ የሚባል በዘር የሚተላለፍ፣ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ በሽታ አለ። ሰውነት አንድ ኢንዛይም ስለሚያንሰው ስብ በሴሎች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ፣ አጥንት ይጎዳል። አሜሪካዊው ዶክተር ሮስኮ ብሬዲ የጎደለውን ኢንዛይም በ1960ዎቹ ለዩ። በኋላ ኢንዛይሙ ከምን ተጣርቶ ወጣ መሰላችሁ? ከእንግዴ ልጅ! ለአንድ ታማሚ የዓመት መድኃኒት በሺዎች የሚቆጠር እንግዴ ልጅ ያስፈልግ ነበር።

የቦስተኑ ጄንዛይም በ1991 ሴሬዴዝ ብሎ ለገበያ አቀረበው። ዋናው ጥናት የተደረገው በ12 ታማሚዎች ላይ ነው። ዋጋውማ ለአንድ ሰው በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር።

እንግዲህ አስቡት፣ አብዛኛው ሐኪም እድሜ ልኩን አንድም የጎሼ ታማሚ ላያይ ይችላል። በሽታውን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ኩባንያው እነሱን ከያዘ ገበያውን ያዘ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የታማሚዎች መዝገብ ተከፈተ፤ መረጃውን የሚሞሉት ሐኪሞች፣ ወጪውን የሚሸፍነው ኩባንያው። መዝገቡ ጠቅሟል፣ አልክድም። አንድ ሆስፒታል ብቻውን የማያየውን ነገር አሳይቷል።

ግን ከነዚያ ጥቂት አዋቂዎች አንዱ፣ የካሊፎርኒያው ዶክተር ኧርነስት ቦይትለር፣ አልተስማሙም። ጥናቱ በየ2 ሳምንቱ ለኪሎ 60 ዩኒት ይሰጥ ነበር። እሳቸው ደግሞ በሳምንት 3 ጊዜ 2.3 ዩኒት ሰጥተው ታማሚዎቻቸው እየተሻላቸው መሆኑን ጻፉ። ደምሩት፤ የወሩ ድምር ሩብ ያህል ነው! ሂሳቡም ሩብ ይሆናል ማለት ነው። እሳቸው ዘንድ የተማሩት ዶክተር አሪ ዚምራን ኢየሩሳሌም ላይ የጎሼ ክሊኒክ ከፍተው በዝቅተኛ ዶዝ አከሙ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ብዙ አገሮችም በአነስተኛ ዶዝ ማከም ቀጠሉ።

በ1994 መድኃኒቱ ከእንግዴ ልጅ ወጥቶ በላብራቶሪ ሴሎች መመረት ጀመረ። በ2009 ግን ፋብሪካው ውስጥ ቫይረስ ገባና ምርት ቆመ። በየአገሩ ሐኪሞች ዶዝ መቀነስ፣ ለማን ቅድሚያ ይሰጥ ብለው መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ያኔ ስለ ትንሽ ዶዝ የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። ቦይትለር አንድ ዓመት ቀደም ብለው አርፈው ነበር።

ተማሪዬ ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ ቲቸር» ብሎ ዘጋው። ስብሰባው ቅዳሜ ነው። ሐኪሙን ይጥራቸው አይጥራቸው እስካሁን አልነገረኝም።