ተረትና ልብ ወለድ በስፓኝኛ ትምህርት፤ ከወጣቶች ደሴት ታሪክ

ከቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል አምሳያ ከተተከለበት ሥፍራ፣ የቸርችልን ጎዳና ይዞ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ሲደርስ የትግላችን ሐውልትን ያገኛል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሐውልት በኦጋዴን ጦርነት የወደቁትን ኩባውያንም ያስታውሳል። ድንጋዩ ስለ ጦሩ ይናገራል፤ ከጦሩ በኋላ ስለ ተከተለው የቋንቋ ታሪክ ግን የሚለው ነገር የለም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ፣ ባሕር ተሻግረው በኩባ የወጣቶች ደሴት ወደ ተሠሩት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገቡ። የቀኑ እኩሌታ ለትምህርት፣ እኩሌታው በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ለሚሠራ ሥራ ነበር። አማርኛን፣ የአገራቸውን ታሪክና ጂኦግራፊ ከኢትዮጵያ የሄዱ መምህራን ሲያስተምሯቸው የቀረው ትምህርት በስፓኝኛ ነበር።

ለዕለት ኑሮና ለሒሳብ የሚበቃ ቋንቋ ቶሎ ይያዛል። አስቸጋሪው ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ነው። እርግጥ ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይጀምርም፤ «ሄደ» እና «ይሄድ ነበር» የሚለውን ልዩነት ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤ ስፓኝኛም ያንኑ ልዩነት በግሡ መድረሻ ይለያል። ነገር ግን «ኖ ኬሪያ» ሲባል «አይፈልግም ነበር» ማለት ሆኖ፣ ያው ግሥ ጊዜውን ለውጦ «ኖ ኪሶ» ሲሆን «እምቢ አለ» ይሆናል። «ሳቢያ» «ያውቅ ነበር» ነው፤ «ሱፖ» ግን «ሰማ፣ ደረሰበት» ነው። ይህን ሰዋስው በሰንጠረዥ ያሳያል፤ ሰው እምቢ ሲል የሚታየው ግን በታሪክ ውስጥ ነው። እርስዎ ይባባሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ ድንገት አንተ ሲባባሉ፣ በመካከላቸው ምን እንደ ደረሰ አንባቢው ራሱ ይረዳል፤ መምህርም አያስፈልገው።

ደሴቲቱ የጥዶች ደሴት ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1870 እ.ኤ.አ.፣ የ17 ዓመቱ ሆሴ ማርቲ በስፔን አገዛዝ ተፈርዶበት በግዞት ተቀምጦባታል። ይኸው ሰው በ1889 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ «ወርቃማው ዘመን» የተባለ የልጆች መጽሔት ጽፎ 4 እትም አወጣ። ለልጆች ተጻፈ ተብሎ እንዳይናቅ! ማርቲ ለሕፃን ብሎ ዐረፍተ ነገሩን አያሳጥርም፤ ቋንቋውን ለዓመታት የተማረ ሰው እንኳ እየቆመ የሚያነበው ነው። እኛ «እናትዬ» ስንል በመድረሻዋ ፍቅራችንን እንደምንጨምር ሁሉ፣ ኩባውያን በስም ጫፍ ላይ የሚያክሏትን የቁልምጫ መድረሻም በዚያ ያገኛታል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የኩባዊው የኦኔልዮ ሆርሄ ካርዶሶ አጭር ልብ ወለድ «ፍራንሲስካና ሞት» ነው። ሞት ፍራንሲስካን ፍለጋ ወደ አንድ መንደር ትመጣለች፤ በሄደችበት ሁሉ ሴትዮዋ ለሥራ ወጥታ ታጣታለች፤ በመጨረሻም የመመለሻዋ ባቡር ሰዓት ደርሶባት ባዶ እጇን ትሄዳለች። ሞት በስፓኝኛ አንስታይ ጾታ መሆኑን መዝገበ ቃላት በአንዲት ፊደል ይነግረናል። ካርዶሶ ግን ሹሩባዋን ጠቅልላ ባርኔጣ የደፋች መንገደኛ አድርጎ አቁሞልናል። የእኛ ሞት ወንድ ነው፤ ይመጣል፣ ይወስዳል። አባቱን በጦር ሜዳ ላጣ ልጅ የሞት ጾታ መለወጥ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ አሠልቺ ባለጉዳይ ሆና ከደጅ ደጅ ስትጠይቅ፣ ደክማ ስትመለስ ያያታል፤ ይስቅባታልም።

ከእነዚያ ልጆች ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው የተመለሱ ብዙ ናቸው፤ የ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ገና በኩባ ሳሉ የደረሰባቸውም ነበሩ። ስፓኝኛቸው በአገራችን እምብዛም አልተሠራበትም፤ ከዚያ ቋንቋ በቀጥታ ወደ አማርኛ የሚመልስ እጅ ግን ዛሬም ያስፈልገናል። ካርዶሶን የሚተረጉም ሰው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ መቆሙ አይቀርም፦ ሞት «መጣ» ይበል ወይስ «መጣች»? የአማርኛችን ወግ «መጣ» ይላል። እኔ ብሆን «መጣች» እላለሁ፤ አለዚያማ ሹሩባዋን ምን ላደርገው ነው?