የአፈር አሲዳማነት እና በጥቂቱ የሚሟሙ ጨዎች፡ የደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ማሳያ

ካልሲየም ካርቦኔት የኖራ ድንጋይ ዋና ይዘት ሲሆን፣ በውሃ ውስጥ በጥቂቱ ብቻ ከሚሟሙ ጨዎች አንዱ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ የሚያሟማው ከ20 ሚሊ ግራም ያነሰ ነው። አሲድ ሲያገኘው ግን በቀላሉ ይሟማል። የእንቁላል ቅርፊት በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ሲነከር አረፋ የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ባሕርይ በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በጉና ተራራ ግርጌ ለሚያርሱ አርሶ አደሮች ከምርት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

አሲድ ጨውን የሚያሟማው እንዴት ነው?

በጥቂቱ የሚሟማ ጨው በውሃ ውስጥ ሲገኝ፣ በጠጣሩ ክፍልና በሟሟው ክፍል መካከል ሚዛን ይፈጠራል። አሲድ ሲጨመር የሃይድሮጅን አዮኖች ከካርቦኔት ጋር ይዋሃዳሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በጋዝ መልክ ይወጣል። ከውሃው የጎደለውን ካርቦኔት ለመተካት ተጨማሪ ድንጋይ ይሟማል። ጂፕሰም በአንጻሩ የጠንካራ አሲድ ጨው በመሆኑ በአሲድ መጨመር እምብዛም አይለወጥም፤ አሲዳማነትንም አያርምም።

አሲዳማነት የሚለካው በፒኤች ነው። ፒኤች በአንድ ሲቀንስ የሃይድሮጅን አዮኖች ክምችት በ10 እጥፍ ያድጋል። ስለሆነም ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው በ10 እጥፍ አሲዳማ ነው።

በማሳ ላይ የሚታየው ጉዳት

በደጋማ አካባቢዎች ከፍተኛ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል። ሰብልና ተረፈ ምርት ከማሳው መነሳታቸው እንዲሁም አሞኒየም ያለባቸውን ማዳበሪያዎች ለረጅም ጊዜ መጠቀም ችግሩን ያባብሳሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በተለያየ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል።

ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ማዕድናት ውስጥ ታስሮ የቆየው አሉሚኒየም ይሟማል። የሟሟው አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል። ከዚህም ባሻገር አሉሚኒየምና ብረት በማዳበሪያ የተጨመረውን ፎስፈረስ ይዘው በጥቂቱ ብቻ ወደሚሟሙ ውህዶች ይለውጡታል። አርሶ አደሩ በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ በማሳው ውስጥ እያለ ሰብሉ ሊጠቀምበት ሳይችል ይቀራል ማለት ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ለዚህ ጉዳት ተጋላጭ ሲሆኑ፣ ድንችና ትሪቲካሌ በአንጻራዊነት ይቋቋማሉ።

ኖራ አፈሩን የሚያክመው እንዴት ነው?

የኖራ ዱቄት በአሲዳማ አፈር ውስጥ ሲሟማ ሃይድሮጅኑን ያመክናል፤ ፒኤቹም ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ አሉሚኒየም በቀላሉ ወደማይሟማ ሃይድሮክሳይድ ተለውጦ ይዘቅጣል፤ ፎስፈረስም ለሰብሉ የሚገኝበት ዕድል ይሰፋል። ይህ ለውጥ አሲድ በመኖሩ የሚካሄድ ስለሆነ ገለልተኛ ወይም አልካላይን በሆነ አፈር ላይ ኖራ መጨመር ወጪ ከመሆን አያልፍም።

ሊተኮርባቸው የሚገቡ ነጥቦች

• የኖራ መጠን በአፈር ምርመራ ውጤት መወሰን አለበት፤ የጎረቤት ማሳ መጠን ለሌላው መለኪያ አይሆንም።
• ኖራው በደንብ የተፈጨ ይሁን፤ ደቃቁ ዱቄት ከድንጋዩ ፍርፋሪ ቀድሞ ይሟማል።
• ከዘር አንድ ወይም ሁለት ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ፣ በእርሻ ከአፈሩ ጋር በሚገባ ይቀላቀል። ኖራ ለመሟማት እርጥበትና ጊዜ ይፈልጋል።
• ኖራና ዩሪያ በአንድ ጊዜ አይጨመሩ፤ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ ጋዝ መልክ ሊባክን ይችላል።
• ኖራ ማዳበሪያን አይተካም፤ ከማዳበሪያና ከኮምፖስት ጋር ተቀናጅቶ ሥራ ላይ ሊውል ይገባል።

አፈሩን ለማስመርመርና ተገቢውን መጠን ለማወቅ በየቀበሌው የሚገኙ የግብርና ባለሙያዎችን ማማከር ይቻላል።