የኋለኛው ሰው፦ ፍራንኮ ባሬዚና የሊበሮ ሙያ

ሊበሮ ከተከላካዮች ሁሉ ኋላ፣ ከግብ ጠባቂው ፊት የሚቆም፣ የሚይዘው አጥቂ ያልተመደበለት ተጫዋች ነበር። ሌሎቹ ተከላካዮች ሰው በሰው ተያይዘው ሲታገሉ እሱ ያመለጠውን ኳስ ይጠርጋል፣ የተታለለውን ጓደኛውን ይሸፍናል፣ ከኋላ ሆኖ መስመሩን ያዛል። በጣሊያን እግር ኳስ ይህ ቦታ ለብዙ አሥርት ዓመታት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ከሙያው የመጨረሻ ታላላቅ ባለቤቶች አንዱ የኤሲ ሚላኑ ፍራንኮ ባሬዚ ነው፤ ሙያው እንዲቀር በማድረግም ከእሱ የበለጠ ድርሻ ያለው ተጫዋች ማግኘት ያስቸግራል።

የነገሩ መነሻ የደንብ ለውጥ ነው። እስከ 1925 ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ እንዳይባል በእሱና በግቡ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው። በዚያ ዓመት ቁጥሩ ወደ ሁለት ወረደ፤ ግብም እንደ ጎርፍ በዛ። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን የመሀል አማካዩን ወደ ኋላ ስቦ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል አቆመው። በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ኦስትሪያዊው ካርል ራፓን ደግሞ ከዚያም አልፎ ከተከላካዮቹ ጀርባ አንድ ትርፍ ሰው አስቀመጠ። ስዊዘርላንድ በ1938ቱ የዓለም ዋንጫ ጀርመንን 4 ለ 2 አሸንፋ ስታሰናብት የራፓን ዘዴ በዓለም ፊት ታየ።

ዘዴውን ወደ ሙያ የለወጡት ግን ጣሊያኖች ናቸው። ኔሬዮ ሮኮ ትንሿን ትሪዬስቲና በ1947/48 የውድድር ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያደረሳት በዚህ አጨዋወት ነው። ያው ሮኮ በ1963 ሚላንን የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገ፤ ዋንጫውን ያነሳው አምበል ተከላካዩ ቼዛሬ ማልዲኒ ነበር። ኤሌኒዮ ኤሬራ በ1964 እና በ1965 ከኢንተር ጋር ዋንጫውን ሲደጋግም የኋለኛው ሰው አርማንዶ ፒኪ ነበር፤ ከግብ ክልሉ ብዙም የማይርቅ፣ ኳስ ማጽዳትን እንደ ዋና ሥራው የያዘ አምበል። ካቴናቾ የተባለው ይህ አጨዋወት ውጤት አመጣ እንጂ ለዓይን የሚጋብዝ አልነበረም። ጀርመናዊው ፍራንዝ ቤከንባወር ከዚያው ቦታ ተነስቶ ኳሷን ይዞ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ መውጣት ሲጀምር ሊበሮ ጨዋታ ጀማሪም ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። በጣሊያን ይህን መንገድ በጨዋነትና በጥራት የተከተለው የዩቬንቱሱ ጋኤታኖ ሺሬያ ነው።

ባሬዚ ወደዚህ ቦታ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1960 በብሬሻ አውራጃ በምትገኘው ትራቫልያቶ ተወለደ። ኢንተር ታላቅ ወንድሙን ጁሴፔን ሲቀበል ፍራንኮን ትንሽ ነው ብሎ መለሰው፤ ሚላን ወሰደው። ሲያድግም ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ76 አላለፈም፤ ለመሀል ተከላካይ አጭር ነው። በሚያዝያ 1978 አሰልጣኙ ኒልስ ሊድሆልም ከቬሮና ጋር በተደረገ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰልፈው ገና 17 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዘመን የቋሚ ቦታውን ያዘ፤ ሚላንም አሥረኛውን የሊግ ዋንጫ አነሳ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውድቀት ነው። በ1980 በውርርድ ቅሌት ምክንያት ክለቡ በቅጣት ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ሴሪ ቢ፣ ወረደ። ተመልሶ በ1982 እንደገና ወረደ፤ ይህኛው በቅጣት ሳይሆን በሜዳ ውጤት ነው። ባሬዚ ሁለቱንም ጊዜ አልሄደም፣ በ22 ዓመቱም አምበል ሆነ። በዚያው 1982 ጣሊያን የዓለም ዋንጫን ስታነሳ በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ ቦታው የሺሬያ ስለነበር አንድም ደቂቃ ሳይጫወት ወርቅ አጠለቀ። በ1986 ደግሞ ወንድሙ ወደ ሜክሲኮ ሲሄድ እሱ ቀረ።

ሥራው ከሥሩ የተለወጠው አሪጎ ሳኪ በ1987 ሚላንን ሲረከብ ነው። ሳኪ በከፍተኛ ደረጃ የተጫወተ ሰው አልነበረም፤ በካቴናቾ አገር ሰው በሰው መያዝን አስቀርቶ ተከላካዮቹ ሜዳውን እንዲጠብቁ፣ አራቱም በአንድ መስመር እንዲቆሙ አዘዘ። ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ከ25 እስከ 30 ሜትር ብቻ እንዲሆን ፈለገ። እንዲህ ባለው አሰላለፍ ከሁሉ ኋላ የሚቀር ትርፍ ሰው ቦታ የለውም። ባሬዚ ከኋላ መጥረጉን ትቶ መስመሩን ወደፊት የሚመራ ሆነ። ጣሊያናዊ ሊበሮ ለትውልዶች ወደ ኋላ ሲሸሽ በኖረበት ቅጽበት እሱ ወደፊት ይራመዳል፤ ቀኙን ማውሮ ታሶቲ፣ ግራውን የቼዛሬ ልጅ ፓኦሎ ማልዲኒ፣ አጠገቡን አሌሳንድሮ ኮስታኩርታ ይዘው አብረውት ይወጣሉ። አጥቂው ብቻውን ይቀራል፤ ባሬዚ እጁን ወደ መስመር ዳኛው አንስቶ ይጠብቃል። ያ የተነሳ እጅ የዘመኑ ሚላን መለያ ሆኖ ነበር፤ ተጋጣሚዎች ዳኛውን የሚያዘው እሱ ነው እያሉ ያማርሩ ነበር።

ይህ በአንድ ቀን አልተገኘም። ሳኪ ተጫዋቾቹን ያለ ኳስ አሰልፎ ኳሷ እዚህ ናት፣ አሁን እዚያ ሄደች እያለ በሐሳብ ኳስ ያንቀሳቅሳቸው ነበር። ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ግብ ጠባቂውንና አራቱን ተከላካዮች ሩድ ጉሊትና ማርኮ ቫን ባስተን ባሉበት በአሥር አጥቂዎች ላይ አሰልፎ ሩብ ሰዓት ያጫውታቸዋል፤ ደንቡም ኳስ በተነጠቀች ቁጥር አጥቂዎቹ ከመሀል ሜዳ ኋላ እንደገና እንዲጀምሩ ነው። አሥሩ በአምስቱ ላይ ግብ አላገኙም።

ቁጥሮቹም ይህንኑ ይናገራሉ። በ1987/88 ሚላን በ30 ጨዋታ 14 ግብ ብቻ ተቆጥሮበት ሊጉን ወሰደ። በ1989 በባርሴሎና ስቴዋን 4 ለ 0፣ በ1990 በቪየና ቤንፊካን 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ደገመ። የ1989 የወርቅ ኳስ ምርጫ ላይ ባሬዚ ከቫን ባስተን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ ለተከላካይ ብርቅ የሆነ ደረጃ ነው። ሳኪን የተካው ፋቢዮ ካፔሎም የኋላውን መስመር አልነካም። ቡድኑ 58 የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አልተሸነፈም፤ በ1993/94 በ34 ጨዋታ 36 ግብ ብቻ አግብቶ፣ 15 ተቆጥሮበት ሻምፒዮን ሆነ።

የ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ለብቻው መነገር አለበት። ሳኪ ያሠለጥናት የነበረችው ጣሊያን ሰኔ 23 ቀን ከኖርዌይ ጋር ስትጫወት የ34 ዓመቱ ባሬዚ ጉልበቱን ተጎዳ። በአሜሪካ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ24ኛው ቀን፣ በፓሳዲና የፍጻሜው ጨዋታ ላይ ከብራዚል ጋር ተሰለፈ። ኮስታኩርታ በካርድ ምክንያት አልነበረም። በቀትር ፀሐይ 120 ደቂቃ ሙሉ የብራዚል አጥቂዎች ሮማሪዮና ቤቤቶ ግብ አላገኙም። ብዙ የእግር ኳስ ተንታኞች የተከላካይን ጥበብ ለማሳየት ይህን ጨዋታ የሚጠቅሱት ያለ ምክንያት አይደለም። በፍፁም ቅጣት ምቶቹ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነበር፤ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። በ1990 በኔፕልስ ከአርጀንቲና ጋር በተመሳሳይ ምት አግብቶ ነበር። ሕዝቡ ግን የሚያስታውሰው ሮቤርቶ ባጆ የሳተውን የመጨረሻ ምት ነው፤ የባሬዚ ተረስቷል ለማለት ይቻላል።

በእነዚሁ ዓመታት ደንቡም ተንቀሳቅሷል። ከ1990 ጀምሮ ከተከላካይ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ አይባልም። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ግብ ጠባቂ ከጓደኛው በእግር የተሰጠውን ኳስ በእጁ መያዝ ተከለከለ። ኋላ የቀረ ሰው ሲጨነቅ ኳሷን ለበረኛው መልሶ የሚያርፍበት መንገድ ተዘጋ፤ ግብ ጠባቂው ራሱ ከክልሉ ወጥቶ መጥረግን መማር ነበረበት። በ1996 ጀርመናዊው ማቲያስ ዛመር በሊበሮ ቦታ ተጫውቶ የወርቅ ኳስን ቢያገኝም፣ ከእሱ በኋላ በዚያ ቦታ ይህን ሽልማት የወሰደ የለም። የባሬዚ ወራሾች፣ አሌሳንድሮ ኔስታን ጨምሮ፣ በአራት ሰው መስመር ውስጥ ያደጉ የመሀል ተከላካዮች ናቸው።

ባሬዚ በ1997 ጫማውን ሰቀለ። ሃያ የውድድር ዘመን በአንድ ክለብ፣ 719 ጨዋታ፣ ስድስት የሊግ ዋንጫና ለብሔራዊ ቡድን 81 ጨዋታ መዝግቧል። ሚላን የለበሰውን 6 ቁጥር መለያ ከአገልግሎት አውጥቶታል፤ ከእሱ በኋላ በዋናው ቡድን የለበሰው የለም።