ከምግብ በኋላ ሆድ ሲነፋ፦ ምግብን ለአጭር ጊዜ ትቶ መፈተሽ

ምሳ ከተበላ በኋላ ሆዳቸው የሚነፋና የሚጮህ፣ ወይም ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት የሚያመላልሳቸው ብዙ ታላላቆች ጥፋተኛውን የሚለዩት በግምት ነው። አንዱ በርበሬው ነው ይላሉ፤ ሌላው የዚህ አገር ወተት አልተስማማኝም ይላሉ፤ አንዷ እናት ደግሞ ዱቄቱን ይረግማሉ። ግምት አንዳንዴ ትክክል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ሰው ምንም ያላደረገውን ምግብ ለዓመታት ትቶ፣ የሚያመውን በየቀኑ እየበላ ይኖራል።

ይህን ለማጣራት የታወቀ መንገድ አለ። የተጠረጠሩትን ምግቦች ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ፈጽሞ መተው፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ሰውነት የሚሰጠውን መልስ መመልከት ነው። መንገዱ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው የአለርጂ ሐኪም አልበርት ሮው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት ለሕመምተኞቹ እንዲህ ያለ አመጋገብ ያዝዝ ነበር። በ2005 ደግሞ በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆድ የሚነፉትን የምግብ ስኳር ዓይነቶች በአንድ ስም ሰብስበው ፎድማፕ አሏቸው።

እነዚህ የስኳር ዓይነቶች ሁሉም አይጣፍጡም። ትንሹ አንጀት በደንብ ሳይመጥጣቸው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፤ ቡሆ በዕቃው ውስጥ ኩፍ እንደሚል ሆዱም በጋዝ ኩፍ ይላል። ውኃም ወደ አንጀት ይስባሉ፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። በብዛት የሚገኙት በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት፣ በስንዴ፣ በምስር፣ በሽምብራና በባቄላ፣ በወተት፣ በፖምና በሐብሐብ ውስጥ ነው። ይህን ዝርዝር የሰማች ባለሙያ እናት «ታዲያ ወጡ ምን ቀረው?» ብትል አይፈረድባትም። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ የዶሮው ቁሌትም፣ በርበሬው ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርትም እዚያው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ነው ሙከራው አጭር መሆን ያለበት፤ ለዕድሜ ልክ የሚያዝ አመጋገብ አይደለም።

ከመጀመር በፊት

አንዳንድ ምልክት ያለበት ሰው ምግብ መተው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። በሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ሰውነት ሳይፈልጉት ከከሳ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የሆድ ልማድ በድንገት ከተለወጠ፣ ይህ በሽንኩርት የሚመካኝ ጉዳይ አይደለም። በእስራኤል ከ50 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም እንዲመረመሩ ይጋበዛሉ። ዕቃውን ኩፓት ሆሊም በነፃ ይሰጣል። ብዙዎች ያፍሩበታል፤ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጨጓራ ነው። ቃር የሚያስቸግራቸውና ከእምብርት በላይ የሚያቃጥላቸው ሰዎች በርበሬ ትተው ዓመታት ይቆያሉ። ሕመሙ ግን ሄሊኮባክተር ፒሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ ባክቴሪያ በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ በአንቲባዮቲክም ይታከማል። ባክቴሪያው እያለ በርበሬን መክሰስ ምስክሩን አስሮ ሌባውን መልቀቅ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው በስንዴ፣ በገብስና በአጃ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን አንጀቱን ይጎዳዋል። በሽታው መኖሩ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ ምርመራው ግን የሚሠራው ሰውየው ስንዴ እየበላ ሳለ ብቻ ነው። በራሱ ፈቃድ ስንዴ ትቶ ሁለትና ሦስት ወር የቆየ ሰው ሲመረመር ውጤቱ «ምንም የለም» ሊል ይችላል፤ ከዚያ እውነቱን ለማወቅ እንደገና ለሳምንታት ስንዴ ብላ ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደም መስጠት፣ ቀጥሎ ዳቦ መተው ነው። ሴሊያክ የተገኘበት ሰው ግሉተንን የሚተወው ለሳምንታት ሳይሆን ለዘለቄታው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ሩዝ ግሉተን የላቸውም። ነገር ግን ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ «የጤፍ» ቢባልም ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ጠይቆ መግዛት ወይም ቤት ማቡካት ይሻላል። ጤፉ ስንዴ በተጋገረበት ምጣድ ላይ መጋገሩም ለሴሊያክ ሕመምተኛ ጉዳት አለው።

በግል ላቦራቶሪ ደም ተሰጥቶ «እነዚህ አርባ ምግቦች አይስማሙህም» የሚል ወረቀት የሚሸጥበት ምርመራም አለ፤ አይጂጂ ይባላል። የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት አይመክሩትም፤ የሚያሳየው በአመዛኙ ሰውየው ምን ሲበላ እንደኖረ ነው። ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ለዓሣና ለአትክልት ቢውል ይሻላል።

የስኳርና የሌላ በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ

ይህ ክፍል ረጋ ብሎ መነበብ አለበት፤ አደጋው ያለው እዚህ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ወይም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያደርግ እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የሚውጡ ሰዎች መድኃኒታቸው የተለካው በሚበሉት ልክ ነው። እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ሩዙን በአንድ ጊዜ ትተው መድኃኒቱን እንደ ድሮው ከወሰዱ የደም ስኳራቸው ይወርዳል። ከ70 በታች ሲሆን ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ረኃብና ማዞር ይመጣል። በታላላቆች ላይ ግን አንዳንዴ የሚታየው መፍዘዝ፣ ቃል መሳሳትና መውደቅ ብቻ ነው፤ ቤተሰብም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሲደርስ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም በውኃ የተበጠበጠ ሦስትና አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ 101 ይደወላል።

ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ለዚህ ያለው ስጋት ትንሽ ነው። ጃርዲያንስ ወይም ፎርሲጋ የሚወስድ ሰው ግን ስታርች እጅግ ከቀነሰ ወይም ከጾመ ደሙ አሲድ ሊያጠራቅም ይችላልና ሳይጠይቅ መጀመር የለበትም። ደም የሚያቀጥነውን ኩማዲን የሚወስዱ ሰዎች ጎመንና ሌላ ቅጠል በድንገት ማብዛትም ሆነ በድንገት መተው ደማቸውን ያናውጠዋል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በጨው ፋንታ የሚሸጠውን የፖታሲየም ጨው ከመቅመሱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የከሱና አቅም ያነሳቸው አዛውንቶች ደግሞ ይህን ሙከራ ብቻቸውን ባይጀምሩ ይመረጣል፤ በዚያ ዕድሜ የሄደ ጡንቻ ቶሎ አይመለስም።

የቤተሰብ ሐኪም ወደ ዲዬታኒት፣ ማለትም ወደ ምግብ ባለሙያ፣ እንዲልክ መጠየቅ ይቻላል። ቀጠሮ ሲያዝ አማርኛ የሚናገር ሰው ወይም አስተርጓሚ መኖሩን መጠየቅ ይገባል፤ ልጅን ለማስተርጎም መውሰድ ስለ ሰገራና ስለ ሆድ በነፃነት ለመናገር አይመችም።

ሙከራው እንዴት ይካሄዳል?

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይተውም። እንደ ወትሮው እየተበላ የተበላው፣ ሰዓቱና የሆዱ ሁኔታ ይመዘገባል። መጻፍ የሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች በስልክ ድምፅ መቅዳት ይችላሉ፤ ወይም የግድግዳው ካሌንደር ላይ ሆዱ ደህና ለዋለበት ቀን አንድ ሰረዝ፣ ለተረበሸበት ሁለት ሰረዝ ማድረግ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ሚስጥሩ በዚህ ሳምንት ብቻ ይወጣል፤ ሆዱ የሚነፋው ዓርብ ማታና ሰንበት ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የየዕለቱ ሽሮ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ የሚተወው ይመረጣል። ጥርጣሬው ወተት ላይ ብቻ ከሆነ ወተት ብቻ ለሁለት ሳምንት ይተው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ መተው አያስፈልግም። ዕድሜ ሲገፋ የወተትን ስኳር ላክቶዝን የሚፈጨው ኢንዛይም በብዙ ሰው ላይ ይቀንሳል፤ ይህ በሽታ አይባልም። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 10 ግራም ላክቶዝ አለው። እርጎ ከዚያ ያነሰ አለው፤ ንጥር ቅቤና የደረቀ አይብ ከሞላ ጎደል የላቸውም። ሱቅ ውስጥ «ለሎ ላክቶዝ» የሚል ወተት ይገኛል፤ ካልሲየሙ አይጎድልም። ወተት ጨርሶ የተወ ሰው ካልሲየሙን ከነአጥንቱ ከሚበላ ሰርዲን፣ ካልተፈተገ ሰሊጥ ከሚሠራ ጥሒናና ከጎመን ይፈልግ።

ጥርጣሬው ሰፊ ከሆነ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ስንዴውና ጥራጥሬው አብረው ለአራት ሳምንት ያህል ይቀራሉ። በዚያ ጊዜ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ዱባ ዙኪኒ፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ ይበላል። ያለ ሽንኩርት ወጥ እንዴት ይሠራል ለሚሉ፦ የባጻል ያሮክ አረንጓዴው ቅጠል (ነጩ ሥር ሳይሆን) ተከትፎ ይገባል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በዘይት ተጠብሶ ፍሬው ከተጣለ መዓዛው በዘይቱ ይቀራል፤ ሆድ የሚነፋው ነገር በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟምና። ዘይቱ ግን በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ ይበላ፤ ማሰሮ ውስጥ ከርሞ የሚቆይ የነጭ ሽንኩርት ዘይት አደገኛ መርዝ ሊያበቅል ይችላል። እርግጥ ነው፣ ዶሮ ወጥ ያለ ቁሌት ዶሮ ወጥ አይባልም። ለአራት ሳምንት አልጫ ቢባል ይበቃል።

በአራት ሳምንት ምንም ለውጥ ካልታየ ጥፋቱ ከእነዚህ ምግቦች አይደለም፤ ሁሉም ይመለሱ፣ ሐኪም ሌላ ይፈልግ። ለውጥ ከታየ ግን እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው አሁን ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሆዱ ሲያርፍለት «ተገኘ!» ብሎ ሁሉንም እንደተወ ይቀራል፤ ወይም ሠርግ ይመጣና በአንድ ምሽት ሁሉንም ይበላል። ሁለቱም ድካሙን ከንቱ ያደርጉታል።

አመላለሱ እንዲህ ነው። ሌላው ሁሉ እንደተተወ አንድ ምግብ ብቻ ይወሰዳል። ለምሳሌ ወተት፦ በመጀመሪያው ቀን ሩብ ብርጭቆ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው ሙሉ። ሆዱ ከተረበሸ ይቆማል፤ ካልተረበሸ «ወተት ነፃ ነው» ተብሎ ይመዘገባል። ሁለት ሦስት ቀን ያለ ሙከራ ይታለፋል። ቀጥሎ ምስር፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ቀጥሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፤ ሽንኩርቶቹ ለየብቻቸው ይፈተናሉ። ምስር ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጋዙን ይቀንሰዋልና በሁለቱም መንገድ ሞክሮ ማየት ጥሩ ነው። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ክልክል ምግብ ሳይሆን ልክ ነው፤ አንድ ጭልፋ ሽሮ ይስማማዋል፣ ሦስት አይስማማውም።

ምግብ በልቶ ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ ቆዳው የተንደበደበ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ያንን ምግብ ቤት ውስጥ መልሶ መሞከር ፈጽሞ የለበትም። እሱ አለርጂ ነው፤ የሚፈተነው ሐኪም ባለበት ነው።

ሙከራውን ከፋሲካ ጋር ማጋጠም አይመችም። አንዳንዶች በፋሲካ ሰባት ቀን ዳቦ ስለሚቀር ስንዴ የተተወ ይመስላቸዋል፤ ማጻም ቂጣም ግን ስንዴ ነው፣ የቀረው እርሾው ብቻ ነው።

ስኳርን ለመተው

ሆዳቸውን ምንም የማይላቸው፣ ነገር ግን ስኳራቸው ወይም ክብደታቸው የጨመረ ሰዎችም ለአራት ሳምንት የሚተው ነገር አላቸው፦ ጣፋጭ መጠጥ፣ ብስኩትና ቡና ላይ የሚጨመር ስኳር። አቦል፣ ቶናና በረካ በሁለት በሁለት ማንኪያ ስኳር ሲጠጡ ስድስት ማንኪያ ይሆናል፤ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ቢያዝ 24 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢበዛ ይሻላል የሚለው 25 ግራም ያህል ነው። ብስኩቱ ገና አልተቆጠረም። አንድ ጣሳ ኮላ ብቻውን 35 ግራም አለው።

ከ2020 ጀምሮ በእስራኤል ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂ ስብ የበዛበት እሽግ ላይ ክብ ቀይ ምልክት ይለጠፋል፤ ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችልም ያየዋል። በማሸጊያው ጀርባ የስኳሩ ልክ በሻይ ማንኪያ ተቆጥሮ ይጻፋል፤ የልጅ ልጆች እንዲያነቡት ማድረግ ነው። ደግሞ «ግሉተን የለውም» ማለት ስኳር አይጨምርም ማለት አይደለም፤ ንጹሕ የጤፍ እንጀራም ስታርች ነው። ስኳሩን በአንድ ቀን መተው የሚከብድ ከሆነ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይቻላል፤ ምላስ በሦስትና በአራት ሳምንት ይለምደዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥሪ ነው። ባለቤቷ «በሞቴ» ብላ ስታጎርስ፣ «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲባል ቤቱ በሙሉ በሽታው ምንድን ነው እያለ ይጨነቃል። ቀድሞ ደውሎ «ለአራት ሳምንት ሽንኩርት አልበላም፣ እንቁላልና ሩዝ ይበቃኛል» ማለት ባለቤቷንም ከሐሳብ፣ እንግዳውንም ከልመና ያድናል። ቡናው ሲቀርብ ደግሞ ስኳሩ በየሲኒው ከመጨመሩ በፊት መናገር ነው።