ፅንስን ያየው ዓይን፦ ከኢብኑል ሀይሠም እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት



የተከበራችሁ የገጻችን ተከታታዮች፣ እኛ ባለንበት በታቦር ከሶላት በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ የልጅ ጉዳይ ነው። ተጋብተው ዓመታት የቆጠሩ ወንድሞችና እህቶች "በሕክምና ብንወልድ ሐራም ይሆንብናል ወይ?" ይላሉ። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፦ "ፅንሱን ኮምፒውተር ይመርጠዋል ይባላል፤ ይህ በአላህ ሥራ መግባት አይደለም ወይ?" ይህን ለመመለስ ነገሩ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ማወቅ ይጠቅማልና ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት።

▪️ ከጨለማ ወደ ብርሃን

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙእሚኑን ሰው ከኑጥፋ ወደ ዐለቃ፣ ከዐለቃ ወደ ሙድጋ እየተሸጋገረ እንደሚፈጠር ነግሮናል። የሰው ዓይን ግን ወደዚያ የማህፀን ጨለማ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ "ኪታቡል መናዚር"ን ጻፈ። ሰው የሚያየው ዓይኑ ጨረር ስለሚረጭ ሳይሆን ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይኑ ስለሚገባ መሆኑን አስረዳ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ገባ፤ በዚያ ለነበሩት የብርሃን ተመራማሪዎችም ትልቅ መነሻ ሆነ። ከዘመናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1677 ሆላንዳዊው ሊዩወንሁክ በገዛ እጁ በሠራው ማይክሮስኮፕ የወንድን የዘር ሕዋስ አየ። የእንስት እንቁላል እስኪታይ ግን ሌላ 150 ዓመት አለፈ፤ በ1827 ፎን ቤር የተባለ ሊቅ በውሻ ውስጥ አገኘው።

ይህን ልብ እንበል። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ምንም ሳያይ "መካኗ እሷ ናት" እያለ ይፈርድ ነበር። ዛሬ ግን ችግሩ ከባል፣ ከሚስት ወይም ከሁለቱም ሊሆን እንደሚችል ይታወቃል። በየሰፈራችን ግን ባል አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር ሚስት የምትፈታበት ቤት ዛሬም አለ። ይህ በደል ነው።

▪️ መምረጥ የተጀመረው መቼ ነው?

ከማህፀን ውጪ በተደረገ ፅንስ የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1978 በእንግሊዝ ኦልድሃም ተወለደች። ሥራውን የሠሩት ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ እና የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጂን ፐርዲ ናቸው። ያ ፅንስ በማይክሮስኮፕ ሥር መከፋፈል መጀመሩን መጀመሪያ ያየችው ፐርዲ ነበረች። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ሁለቱ ባልደረቦቹ በሕይወት አልነበሩም።

በዚያን ጊዜ ከእናትየዋ የተወሰደው አንድ እንቁላል ብቻ ነበር። ፅንሱም አንድ፤ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። በኋላ ግን በመድኃኒት ብዙ እንቁላል በአንድ ጊዜ ማውጣት ተቻለ። አምስት ስድስት ፅንስ ሲገኝ ታዲያ "የትኛው ይቅደም?" የሚል ጥያቄ መጣ።

መልሱ የባለሙያ ዓይን ነበር። ፅንሱ በሦስተኛው ቀን ስምንት ያህል ሕዋሳት ይኖሩታል፤ በአምስተኛው ቀን ውስጡ ውኃ የቋጠረ ክብ ይሆናል። ባለሙያዋ በማይክሮስኮፕ አይታ ነጥብ ትሰጠዋለች። ችግሩ ያንኑ ፅንስ ሁለት ባለሙያዎች አይተው የተለያየ ነጥብ ሊሰጡት መቻላቸው ነው። ሁለተኛ፣ ለማየት ከማሞቂያው በወጣ ቁጥር ሙቀቱና አየሩ ይለወጥበታል። ለዚህም ማሞቂያው ውስጥ ካሜራ ተገጠመ። ካሜራው በየጥቂት ደቂቃው ፎቶ እያነሳ ፅንሱ ሳይነካ እድገቱን እንደ ፊልም ያሳያል።

▪️ ማሽኑ ሲመጣ

አንድ ፅንስ በአምስት ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ይኖረዋል። ይህን ሁሉ ለማየት የሰው ጊዜ አይበቃም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባው በዚህ በኩል ነው። ማሽኑ ከዚህ በፊት የተነሱ ፎቶዎች ከነውጤታቸው ይሰጡታል፤ የትኛው መልክ ከየትኛው ውጤት ጋር እንደሚሄድ ይማራል፤ ከዚያ አዲስ ፅንስ ሲያይ ነጥብ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒውዮርክ የኮርኔል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ወደ 50,000 በሚጠጉ ፎቶዎች ያሠለጠኑትን እንዲህ ያለ ሥርዓት ይፋ አደረጉ።

ታዲያ ከሰው በለጠ? እ.ኤ.አ. በ2024 በአውስትራሊያና በአውሮፓ በሚገኙ 14 ክሊኒኮች፣ በ1,066 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ለግማሾቹ ፅንሱን ማሽን፣ ለግማሾቹ ባለሙያ መረጠ። ማሽኑ ከመረጠላቸው 46.5 በመቶ፣ ባለሙያ ከመረጠላቸው 48.2 በመቶ አረገዙ። ማሽኑ ከሰው እንደማያንስ ጥናቱ ማረጋገጥ አልቻለም። በፍጥነት ግን በልጧል፦ ባለሙያ በአማካይ 208 ሰከንድ የሚፈጅበትን ማሽኑ በ21 ሰከንድ ጨርሷል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ማሽኑ ፅንስ አይፈጥርም፤ ደካማውንም ጠንካራ አያደርገውም። የሚያደርገው ያለውን በተራ ማስቀመጥ ብቻ ነው። አንድ ፅንስ ብቻ ካለ የሚመርጠው የለውም። "ጥሩ ነው" ካለው ውስጥም ከግማሽ በላዩ ሳይረገዝ ሊቀር እንደሚችል ከላይ አይተናል። መስጠት የአላህ ነው፤ ሰበብ ማድረስ የባሪያው።

▪️ ዑለማኦች ምን አሉ?

ሉዊዝ ከተወለደች ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ያኔ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት፣ በኋላም የአል-አዝሀር ሸይኽ የሆኑት ጃደል ሐቅ ዐሊ ጃደል ሐቅ ፈትዋ ሰጡ፦ በባልና ሚስት መካከል፣ በኒካሕ ውስጥ እስከሆነ ሕክምናው ይፈቀዳል፤ የሦስተኛ ሰው ዘር፣ እንቁላል ወይም ማህፀን ግን አይገባበትም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በ1986 ዐማን ላይ፣ ጥንቃቄ ከተደረገና አስፈላጊ ከሆነ ይኸው መንገድ ችግር እንደሌለበት ወሰነ። በ1990 ጂዳ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ እንቁላል እንዳይዳቀል፣ የአንዱም ፅንስ ለሌላ ሴት እንዳይሆን አጥብቆ አሳሰበ።

የዚህ ሁሉ ምሰሶ ነሰብ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ነጥብ በፊት የሚቀድመው በሳህኑ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ከሁሉ የተሻለ ፎቶ ያለው ፅንስ ስሙ ከተሳሳተ ምን ይረባል?

▪️ ወደ አገራችን ስንመጣ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት የአይ ቪ ኤፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም አግዞታል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ የሌለው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር። ከሐዋሳ አዲስ አበባ መመላለስ ዛሬም ቀላል አይደለም፤ ባልና ሚስት ሥራ አስፈቅደው፣ ተበድረው የሚወጡበት መንገድ ነው። ነገ ደግሞ "በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ያ የተበደሩት ገንዘብ በአንድ ቃል እንዳይወሰድ እንሰጋለን።

በመድረሳ የሐዲስ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ ንግግሩ ቢያምርም ኢስናዱ ሳይጣራ አይያዝም። ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን? የማሽንን ነጥብም እንዲሁ እንጠይቀው። የየት አገር ሴቶችን ፅንስ አይቶ ተማረ? እዚህ ባሉ ታካሚዎች ላይስ ተፈትኗል? በሚስቴ ዕድሜ ያሉ ስንቶቹ ወለዱ? የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠውና ኃላፊነቱን የሚወስደው ባለሙያ ማን ነው? ስማችን በየደረጃው እንዴት ይረጋገጣል? የተረፈው ፅንስስ ምን ይደረጋል? በደንብ የሚሠራ ክሊኒክ በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም።

ወንድሞች፣ አብራችሁ ተመርመሩ፤ ሸክሙን ለሚስቶቻችሁ ብቻ አትተዉ። እህቶች፣ ሕክምና መሻት የኢማን ጉድለት አይደለም። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ፀጉራቸው ሸብቶ ሳለ እንኳ ልጅ ከመለመን አልቦዘኑም። ልጅ ያልተሰጠውም ሰው ከአላህ ዘንድ የተዋረደ አይደለም።

አላህ ለጓጉት ሁሉ ሷሊሕ ልጅ ይስጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ለሚያስፈልጋቸው እንዲደርስ ሼር እናድርግ።