በጄኔቭ ከተማ የጠፋው አዳራሽ

ጄኔቭን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ወጥቶ የሞንብላንን ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ፣ ጥቂት እንደ ተራመደ ከሌማን ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ከፊቱም 140 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ የሚወረወረው ነጭ የውኃ ዓምድ ይታየዋል። ይህ ዛሬ የከተማይቱ ምልክት የሆነው ውኃ መጀመሪያ ለጌጥ የታሰበ አልነበረም። በ1886 (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በውኃ ኃይል የሚሠራ አንድ ጣቢያ ግፊት ሲበዛበት የሚተነፍስበት ቀዳዳ ነበር። ሕዝቡ ማየቱን ስለ ወደደ በ1891 ወደ ሐይቁ ተዛወረ። ጣናን ያየ ኢትዮጵያዊ በሐይቁ ስፋት እምብዛም አይደነቅም፤ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። የሚያስደንቀው ጥልቀቱ ነው፤ እስከ 310 ሜትር ይወርዳል።

እኔ ግን ወደዚያ የሄድሁት ሐይቁን ብቻ ለማየት አልነበረም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ሀገራቸው የተናገሩበትን ስፍራ በዓይኔ ለማየት ነበር። ስለዚህም እንደ ማንኛውም ሀገር ጎብኚ በአሪያና መናፈሻ ወደሚገኘው የመንግሥታት ቤተ መንግሥት ሄድሁ። ጣዎሶች በሣሩ ላይ ሲንሸራሸሩ አየሁ፤ ከታላቁ የጉባኤ አዳራሽ ስገባም ባርኔጣዬን አውልቄ ጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ቆምሁ። እንባ እንደ ተናነቀኝ አልደብቅም።

ማታ ከማደሪያዬ ሆኜ የከተማይቱን ታሪክ ሳነብ ግን ስሕተቴን ተረዳሁ። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በ1936 መጀመሪያ ወደ አዲሱ ሕንጻ ቢዛወርም፣ እኔ የቆምሁበት የጉባኤ አዳራሽ ሥራ የጀመረው በ1937 ነው። ያን ዕለት ገና አልተከፈተም ነበር! ያለቀስሁት ንጉሠ ነገሥቱ ባልተናገሩበት ቤት ውስጥ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበሩ ከ1920 ጀምሮ ለጽሕፈት ቤቱ በሐይቁ ዳር የነበረውን ታላቅ ሆቴል ወሰደ፤ እርሱም ኋላ ፓሌ ዊልሰን ተባለ። ለዓመታዊው ጉባኤ ግን የራሱ አዳራሽ ስላልነበረው የከተማይቱን አዳራሾች ይጠቀም ነበር። የመጀመሪያው የተሐድሶ አዳራሽ ይባላል፤ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችውም በዚያ ነው። ቀኑ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል ዕለት ነበር። ከ1930 ወዲህ ጉባኤው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለሕዝብ ምርጫ ተብሎ ወደ ተሠራው የምርጫ አዳራሽ ተዛወረ። የሰኔ 23ቱ ንግግር የተሰማው በዚህ ቤት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳይኛ ቢያውቁም የመረጡት አማርኛን ነበር። ገና ሊጀምሩ ሲሉ በጋዜጠኞች ሰገነት የተቀመጡ ኢጣልያውያን በፉጨትና በጩኸት አወኩ። የሮማንያው መልእክተኛ ቲቱሌስኮ እንዲባረሩ ጮኸ፤ ፖሊሶችም አስወጧቸው። ያ ፉጨት በየመጽሐፉ ተጽፎ ስለ ኖረ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን ከፉጨቱ ይልቅ የሚከብደው ከአራት ቀን በኋላ የሆነው ይመስለኛል። ሰኔ 27 ቀን ጉባኤው፣ ጨዋነቱ ሳይጓደል፣ በኢጣልያ ላይ የተጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ኢትዮጵያ መከላከያ እንድትገዛበት የጠየቀችው የአሥር ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ለድምፅ ሲቀርብም 23 መንግሥታት ተቃወሙት፤ የደገፈችው ኢትዮጵያ ራሷ ብቻ ነበረች፤ የቀሩት ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ። ፉጨተኞቹን ፖሊስ አስወጣቸው፤ ዝም ያሉትን ማን ያስወጣቸዋል?

በማግስቱ ጧት የሮንን ወንዝ ተሻግሬ በፕላንፓሌ ሜዳ አቅራቢያ ወደሚገኘው የጄኔራል ዱፉር ጎዳና ሄድሁ። የምርጫው አዳራሽ በ1964 በእሳት ተቃጥሏል። በቦታው ላይ የዩኒቨርሲቲው ሕንጻ በ1970ዎቹ ተሠርቷል፤ ቀለም ያልተቀባ፣ ግራጫ የሲሚንቶ ሕንጻ ነው። የተሐድሶውም አዳራሽ በ1969 ፈርሷል። እንግዲህ ኢትዮጵያ የተቀበለችበትም የተተወችበትም ቤት ዛሬ አይገኝም። ጎብኚውን የሚያስተናግደው ከሁለቱ በኋላ የመጣው፣ ጣዎስ ያለበት ሦስተኛው ነው።

ደብተር የያዙ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ይገቡና ይወጡ ነበር። አንዱን አስቁሜ በዚህ ስፍራ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ጠየቅሁት። በትሕትና አሰብ አደረገና እንደማያውቅ ነገረኝ፤ የዩኒቨርሲቲውን መግቢያ የምፈልግ መስሎት በእጁ አመለከተኝ። አመስግኜው ወደ ማዶ ተሻገርሁና ግራጫውን ግድግዳ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ወደ ሀገሬ ተመልሼ የሐይቁንና የውኃውን ሥዕሎች ለቤተ ሰቤ ሳሳይ፣ ባለቤቴ ያንን አንዱን አንሥታ ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየችና፣ «ይህንስ ምን ብለህ አነሣኸው?» አለችኝ።